ታናሹ ጠርሙስ

ጋሽ ሞላልኝ አፋቸውን ሰብስበው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጉድ ባልፈላ። ግን ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ ዝም ማለት ነውር መስሏቸው ቀርቷል። ሊዮልም ሌላ ሽማግሌ አላገኘም።

ሔራን ፕሌኖ ከተማ ባለው የአባቷ ቤት ኪችን ውስጥ ቆማ ጆሮዋን ወደ ሳሎን ቀስራለች። ሊዮል እሷን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ ራሱ ውጭ ፓርክ አድርጎ ጥፍሩን ይበላል። አባቷ አቶ አሻግሬ ግን ፊታቸውን አጥቁረዋል። «ታላቋ ሳትዳር ታናሿን አልድርም» ብለው ከደረቁ ቆዩ። ታላቋ ሩሐማ ደግሞ ቦስተን ሐኪም ነች፤ ስለ ባል ሲነሳባት ስልክ ትዘጋለች። እሷን ይጠብቁ ከተባለ ሔራን የምትሞሸረው በከዘራ ነው። ያለ አባቷ ምርቃት ማግባቱን ደግሞ አንጀቷ አልቻለም።

ጋሽ ሞላልኝ ሊዮል የላከውን ቀይ ወይን ከፍተው ቀዱ። አቶ አሻግሬ በወይን ነገር ትንሽ ይመጻደቃሉ። ብርጭቆውን አዞሩ፣ አሸተቱ፣ ተጎንጭተው አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት።

«ይሄማ ወይን ነው!» ፊታቸው ፈታ አለ። «ቼሪ ቼሪ ይላል፤ መጨረሻ ላይም ቆንጠጥ ያደርጋል። ከየት ነው?»

«ከጣሊያን፣ ቶስካና ከሚባል አገር። ሦስት ዓይነት ወይን ቀላቅለው ነው አሉ የሚሠሩት።» እዚህ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት! «የእርሻው ሁለተኛ ነው። አንደኛው ሌላ ነው።»

አቶ አሻግሬ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረጉት።

«ሁለተኛ? ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ የሚቸለስበት? ቅራሪ በሉኛ! ልጄን በቅራሪ ልትጠይቁ መጣችሁ?»

«ኧረ በስመአብ! ልጁ መኪና ውስጥ አስረድቶኝ ነበር እኮ... ጠፋኝ እንጂ...» ጋሽ ሞላልኝን ላብ አጠመቃቸው።

ወይኔ ጉዴ! ጠርሙሱን ከሊዮል ጋር የመረጠችው ራሷ ሔራን ናት። ሙሽራ ሽማግሌ ፊት ዘላ አትገባም የሚባለውን ረስታ ሳሎን መሃል ተገተረች።

«አባዬ፣ ቅራሪ አይደለም! ውሃ የለበትም። ሶ፣ እርሻው አንድ ነው፣ ሰዎቹም ሴም ናቸው። ማለቴ፣ ታላቁን ከአሮጌው ተክል ይሠሩታል፣ ታናሹን ከወጣቱ።»

«ታዲያ ታላቁን ለምን አላመጣችሁም?»

«እሱ ገና ነዋ! ብዙ ዓመት መቀመጥ አለበት። አሁን ቢከፈት አፍ ይጨብጣል። ይሄኛው ግን ደርሷል። ታላቁ እስኪደርስ ተብሎ ታናሹ ኮምጣጤ ይሁን እንዴ፣ አባዬ?»

ምን እንዳለች የገባት ካለችው በኋላ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጋሽ ሞላልኝ እንኳ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ።

አቶ አሻግሬ ልጃቸውን አዩ፣ ጠርሙሱን አዩ፣ እንደገና ልጃቸውን አዩ። ብርጭቆውን አንስተው በአንዴ ጨለጡት።

«ልጁ የት ነው?»

«መኪና ውስጥ።»

«በዚህ ሙቀት? ሊቀቀል ነው እንዴ? ሂጂ አስገቢው!» ከዚያ እጇን ይዘው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ለሩሐማ ግን እንዳትነግሪያት።»

«ምኑን?»

«ገና አልደረሰችም ማለታችንን።»