ፊርማ የበላው ኒኬል

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ሆሳዕና ገበያ መሐል ምላሴ ይተሳሰር፤ ምላሴን ደግሞ እንደምወዳት አገር ያውቃል።

እልፍነሽ ከከተማው ዳር ባለች የአትክልት ቅቤ ፋብሪካ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ፈሳሽ ዘይት ሃይድሮጅን እያጠጡ ማርጋት ነው። ዘይቱና ጋዙ ግን ዝም ብለው አይዋደዱም፤ የሚያጋባቸው የኒኬል ዱቄት ነው።

በመስቀል ሰሞን ዘይቱ አልረጋም ብሎ እርፍ አለ። የዱራሜ ነጋዴዎች ጣሳውን ጭነው መጡና ቅቤ ገዝተን ሾርባ ደረሰን ብለው ግቢውን በሳቅ ሞሉት። ኢንጂነር ወንዳፈረው ታዲያ ምን ገዶት! እልፍነሽ በደንብ አላማሰለችም ብሎ "ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚል ስሟ ያለበት ወረቀት አዘጋጀላት፤ ከግርጌ ራሱ ፈረመበትና በሥራ አስኪያጇ በወይዘሮ ሙሉወርቅ ፊት ዘረጋው። ብትፈርም በጥፋተኝነት፣ ባትፈርም ባለመታዘዝ ልትባረር ነው።

እሷ ብዕሩን አልነካችም። ለገበያ እንድረስ ብሎ የኒኬሉ ዱቄት የሚበስልበትን የእቶን ሙቀት ከልክ በላይ የጨመረው እሱ መሆኑን፣ በዚያ ሙቀት ደቃቁ ኒኬል እርስ በርሱ ተጣብቆ ጓል መሆኑን ፊት ለፊቱ ነገረችው።

"ክብደቱ እኮ ያው ነው" አለ ወንዳፈረው። "አሥረኛ ክፍል የቀረሽ ሴትዮ፣ ኒኬል ልታስተምሪኝ ነው?"

"ኒኬሉ የክፍል ውጤት አይጠይቅም ጌታዬ። ጋብቻው የሚፈጸመው በቅንጣቱ ፊት ላይ ነው። ቅንጣቱ ሲተልቅ ሆዱ ውስጥ ያለው ሠርጉን ሳያይ ይቀራል። እርስዎ ግንድ በክብሪት ያያይዛሉ?"

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ሳቋን በመሐረብ ያዘችና ማስረጃ ጠየቀች።

እልፍነሽ አየር እንዳይገባባቸው የታሸጉ ሁለት ቆርቆሮዎች አመጣች፤ አንዱ ከዱሮው ዱቄት የተረፈ፣ አንዱ ኢንጂነሩ ያበሰለው። በደንብ የደቀቀ ኒኬል አየር ሲነካው ራሱን በራሱ እንደሚያነድ ስምንት ዓመት ጣቷን እያቃጠለች ተምራለች። መጀመሪያ ከኢንጂነሩ ዱቄት በማንኪያ ቆንጥራ እዚያው ወረቀት ላይ ነሰነሰች። እንደ አሸዋ ተጋደመ። ወንዳፈረው እፍ ብሎ ሞከረው፤ አሸዋው ጢሙ ላይ ከመስፈር በቀር ምንም አላደረገም። ቀጥላ የዱሮውን ቆነጠረች። ገና ከማንኪያው ሳይወርድ ፍም መሰለ፤ ወረቀቱን ያዘውና "ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚለውን ቃል ለቅሞ በላ፤ የእሷን ስም ሳይነካ ዘሎ፣ ከግርጌ የኢንጂነሩን ፊርማ ላሰ፤ እዚያ ደርሶም ጠገበ።

ወይዘሮ ሙሉወርቅ የእቶኑ ሙቀት ወደ ቀድሞው እንዲመለስ አዘዘች። ወንዳፈረው እሺ፣ ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ትሂድ አለ።

"አልሄድም" አለች እልፍነሽ። "ሙቀቱን ማን እንደጨመረው በእጅዎ ይጻፉና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጥፉ። የዱራሜ ሰዎች ቆመው ያንብቡት።"

ጻፈ። በሳምንቱ ቅቤው የረጋበትን ጣሳ ራሷ አንስታ በነጋዴዎቹ ፊት ዘቀዘቀችው፤ ጠብ አላለም።

አሁን ሐቁን ላውጣ፤ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። እሳቱ እንዲያ ቃል መርጦ አልበላም፤ ወረቀቱን እንዳለ ነው ያነደደው፣ የእሷም ስም አብሮ ነው የሄደው። እኔ ግን ስሟ ሲቃጠል ማየት አልፈለግሁም።