ከአንድ ጥድ ሥር

ፎቶዎቼን የማኖረው በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በጃንሆይ ዘመን ማለቂያ ላይ ድሬሰር ነበርኩ፤ ከአርብ ገበያ ስማዳ፣ ከስማዳ እስቴ፣ የክትባት ዕቃዬን በበቅሎ ጭኜ ስዞር ካሜራዬ ከአንገቴ አትወርድም። የሥራ ጓደኞቼ «መርፌ ረስቶ ካሜራ የማይረሳ ሐኪም» እያሉ ያሙኝ ነበር። አልዋሹም።

አንዳንዶቹን ፎቶዎች ዛሬም ሳያቸው እደነቃለሁ። የስማዳ አውድማ አለ፤ ገበሬው መንሹን ሲያነሣ ገለባው ፀሐይዋን ሸፍኗት። በአርብ ገበያ መሃል እንደ ዳኛ ፊቷን ያኮሳተረች አህያ አለች። በረዶ ባቄላውን የመታበት ሽማግሌም አለ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ «ተመስገን» ሲል ነው ያነሣሁት። ምን ያስመሰግንሃል ስለው፣ «ግማሹን ተወልኝ አይደል!» ብሎ ተቆጣኝ። ከሁሉ የምወደው ግን አንድ የተበላሸ ፎቶ ነው።

እማማ ተዋበች የቤተ ልሔም አጥቢያ ሰው ነበሩ። ልባቸው ደክሞ እግራቸው ያብጥ ስለነበር በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አያቸዋለሁ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ታላቁ እንየው፣ ታናሹ ዋለ። ወንድማማቾቹ በገብስ እርሻ ድንበር ተጣልተው፣ ንዴት ገፍቷቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ «ከእሱ ጎን ብቆም ፍትሐት አይድረሰኝ» ብለው ማሉ። ያለ ፍትሐት መቀበርን የማይፈራ ሰው በዚያ አገር አላየሁም። ከዚያ ወዲያ አንዱ በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው በምዕራብ ይወጣል፤ ሽማግሌ ቢላክ፣ ቢለመኑ፣ ወይ ፍንክች። እናታቸውን እንኳ የሚጠይቁት ተራ በተራ ነበር።

«ልጄ፣» አሉኝ እማማ ተዋበች አንድ ቀን፣ «እኔ እንግዲህ ብዙም አልቆይ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳላያቸው መሞቴ ነው። እስቲ በዚያ በመሣሪያህ ለየብቻ አንሣልኝና ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ላድርጋቸው። ወረቀቱ አልማለ!»

አንጀቴን በሉት። በበዓል ቀን ካሜራዬን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር መጀመሪያ እንየውን አቆምኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት እንዲገባልኝ ወደ ግራ አስጠጋሁት። እሱን እንዳነሣሁ ጾም ያደከማት ሴት ወደቀች ብለው ጠሩኝ። ስመለስ እንየው ሄዷል፤ ዋለ መጥቶ ቆሟል። እሱን ደግሞ ወደ ቀኝ አድርጌ አነሣሁት።

ፊልሙን ጎንደር ልኬ አሳጥቤ ሳየው ደሜ ፈላ። በመሃል ፊልሙን ማዞር ረስቼ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ አንሥቻቸዋለሁ። ራሴን ስሳደብ ቆየሁና ደግሜ አየሁት። እንየውና ዋለ ከአንድ ጥድ ሥር፣ ከአንድ ጉልላት በታች፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል።

እማማ ተዋበች ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ስመውም ግንባራቸው ላይ አደረጉት። «ቆሙልኝ» አሉ።

ወሬው አጥቢያውን ለማዳረስ አልዘገየም። ወንድማማቾቹ፣ ያው ለየብቻቸው፣ ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ ቄስ ገብረ ማርያም ሮጡ። መሐላችን ፈረሰ፣ ፍትሐት ቀረብን ብለው ተማጸኑ። ቄሱ እኔን አስጠሩኝ።

«አንተ ሐኪም፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«አባ፣ የእኔ ስሕተት ነው። እንየውን አንሥቼ፣ ፊልሙን ሳላዞር ዋለን ደገምኩበት። ልጆቹ ከቶ አልተገናኙም።»

«ረስተህ ነው?»

«ረስቼ ነው።»

«ማን አስረሳህ?»



ቄሱ ለሁለቱም የላኩት ቃል አንድ ነው፦ «መሐላችሁን እኔ እፈታለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዚያው ጥድ ሥር፣ በዳይ እኔ ነኝ የሚል ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ።» በአገሩ ወግ በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ይወድቃል፤ ተበዳይ ይቅር ሲል ድንጋዩን ያወርድለታል። እኔ ግን ተስፋ አልነበረኝም። ሁለቱም «ተበዳይ ነኝ» ባዮች ናቸውና ባዶ እጃቸውን መጥተው ይፋጠጣሉ ብዬ ነበር።

እሑድ እማማ ተዋበችን በቃሬዛ አምጥተው ከጥዱ አጠገብ አሳረፏቸው። በምሥራቁ በር እንየው ገባ፤ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ሰዉ እሰይ ሊል አፉን ሲከፍት፣ በምዕራቡ በር ዋለ ገባ። እሱም ድንጋይ ተሸክሟል። ሁለቱም አጎንብሰዋልና አልተያዩም። እንዲያ እንዳጎነበሱ መጥተው፣ አንዱ የሌላውን እግር ሲያይ እኩል ተንበረከኩ።

ድንጋዩን የሚያወርድ ተበዳይ ጠፋ! ቄስ ገብረ ማርያም መስቀላቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ እሳቸውም ይህን አልጠበቁም። ካሜራዬን አነሣሁ፤ ተጣድፌ ስለነበር ፎቶው ደብዝዞ ወጥቷል።

ያን ጊዜ እማማ ተዋበች ከቃሬዛው ተነሡ። እንዳይቆሙ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ፤ ልደግፋቸው ብሄድ በእጃቸው ገፉኝ። ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ ሄደው የእንየውን ድንጋይ አንከባለሉ። የዋለን ሲይዙ ጉልበት ከዳቸው፤ ያኔ እንየው እጁን ከሥር ሰድዶ አብሮ አወረደው።

«ተበዳይዋ እኔ ነበርኩ፣» አሉ እማማ ተዋበች፣ በሁለቱ መሃል እየተቀመጡ። «ይቅር ብያችኋለሁ።»