ልጅቷ አትሰማም

ልብስ ሰፊዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። ሰው ፊት ለፊት ቀስ ብሎ ካናገራት ከከንፈሩ ታነባለች፤ ፊቱን ካዞረ ግን አለቀ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ቤት አይውልም። ሰባት ወር ሲሞላት ረቡዕ ረቡዕ ወደ ነፍሰ ጡሮች ትምህርት ይዘዋት የሚሄዱት አማቷ ነበሩ።

ክፍሉ የጤና ጣቢያው ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። ነርሷ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ሥዕል ዞራ ሩብ ሰዓት ታስረዳለች፤ አማቷ ያንን ሁሉ በእጃቸው በሁለት ምልክት ይጨርሱታል፦ ብዪ፣ ተኚ።

«ሌላስ ምን አለች?» ትላለች ልብስ ሰፊዋ በጣቷ።

አማቷ ግን ወደ ጎናቸው ሴት ዘንበል ብለው፣ «ያልወለደች ነርስ ምን ትላለች? ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ልብስ ሰፊዋም አብራ ሳቀች፤ በምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ነርሷ የነቃችው በሦስተኛው ረቡዕ ነው። ሁሉም ትንፋሹን ሲያስወጣ አንዷ ብቻ ትስባለች። ትምህርቱ ሲያልቅ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ማስኳን አወረደች። «እኔን እዪኝ» አለቻት። ተስማሙ፤ ትከሻዋን ከተጫኗት ግፊ፣ ግንባሯን ከነኳት አቁሚ ማለት ነው። ነርሷ ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችው። «እኔው አለሁልሽ፤ ባልኖርም ካርድሽ ይናገራል።»

ምጡ የመጣው በሌላ ረቡዕ ረፋዱ ላይ ነበር። ነርሷ እዚያው ግቢ፣ ኮሪደሩ ጫፍ እያስተማረች ነው። ካርዱን መዝገብ ቤት ተቀበሉት፤ እዚያው ቀረ። አማቷን ማዋለጃው በር ላይ ጥበቃው አስቆማቸው።

«ከዚህ አያልፉም፣ እናቴ።»

«ኧረ ልጅቷ አትሰማም!»

«ምጥ የያዛት መች ትሰማለች? እነሱ ያውቁበታል።»

«የለም ልጄ፣ ጆሮዋ…»

ሌላ አልጋ እየተገፋ መጣ። በሩ ተዘጋባቸው።

ውስጥ፣ የአዋላጇ ፊት ከዓይኗ በታች ተሸፍኗል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁ ከፍ ዝቅ ሲል ታያለች እንጂ የምትባለውን አታውቅም። ትከሻዋን እስኪነኳት ጠበቀች። ማንም አልነካትም። እጇን ወደ ጆሮዋ ልትወስድ ስትል ግሉኮሱን የምትነቅል መስሏቸው ያዙባት። አዋላጇ «አቁሚ! አትግፊ!» እያለች ጭኗን በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት። እሷ ደግሞ፣ ይኸው ነገሩኝ ብላ ባላት ኃይል ገፋች። ተቀደደች።

ሕፃኗን ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ወሰዷት፤ ሦስት ጀርባ ከበባት። አለቀሰች አላለቀሰች በምን ትወቅ? ለዓመታት ሰው ፊት ባላወጣችው ድምፅ ጮኻ ጠየቀች። አዋላጇ ደንግጣ ዞረች። ያኔ ነው የገባት። ማስኳን አውርዳ መናገር ጀመረች፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ዓይኗን እንባ ሞልቶት ከንፈሯን ማንበብ አቃታት። ሕፃኗን ይዘዋት ወጡ፤ አዋላጇም ወደ ሌላ ወላጅ ተጠራች።

ነርሷ ከትምህርቱ በኋላ ሌላ ሥራ ይዟት ቆይታ፣ ስትሰማ ሮጣ መጣች። ካርዱን ከክምር ውስጥ አውጥታ ይዛዋለች፤ አሁን ምን ታድርግበት? «ልጅሽ ማሞቂያ ክፍል ናት፣ ደህና ናት» አለቻት። ከወለደች ሦስት ሰዓት አልፏት ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት ልጄ ሞታለች ብላ ነው ያሳለፈችው። ነርሷ «ይቅር በይኝ» አለች፤ ልብስ ሰፊዋ ከንፈሯን አንብባ ፊቷን አዞረች።

አመሻሹ ላይ ሕፃኗን አመጡላት። አማቷ በእጃቸው፣ «አንቺ ተኚ፤ ብታለቅስ እኔ እሰማላታለሁ» አሏት።

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። በጎኗ ተጋድማ መዳፏን ሕፃኗ ደረት ላይ አሳረፈች፤ ዓይኗን ግን አልከደነችም።