በልብስ ጋሪ አውርዷት

ከዚያ ሆቴል ለመልቀቅ ያላሰበ ሠራተኛ የለም። አንዱን የሥራ አስኪያጁ ስድብ ያማርረዋል፣ ሌላውን እሑድን ከልጆቹ ጋር አለመዋሉ። እኔም ምርር ባለኝ ቁጥር ባሌ፣ «ጥርስሽን ነክሰሽ ቻዪው፤ ሥራ መንገድ ላይ አይለቀምም» ይለኛል። እችላለሁ። ያስቻለችኝ እትዬ ነበረች።

እትዬ ሦስተኛ ፎቅን አብራኝ የምታጸዳ፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል ሴት ናት። ጨዋታዋ አያልቅም። የእንግዳ ፍራሽ እየደባበሰች፣ «እዚህ ላይ ብተኛ እኮ ወገቤ የሰው ቤት መሆኑ ገብቶት ሲሽኮረመም ያድራል» ትላለች።

ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ዝም አለች።

«ራሴን ይወጋኛል» አለችኝ።

«ተናገሪና ውጪ እንጂ!»

«ዛሬ ሆቴሉ ሙሉ ነው፤ ማን ሊሰማኝ?»

አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን ስናራግፍ ጫፉ ከእጇ አመለጠ። ቀና ስል መሬት ላይ ተዘርራለች። አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል።

ጩኸቴን ሰምተው ሥራ አስኪያጁና ዘበኛው እየሮጡ መጡ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ በሩን ዘጋ።

«ድምፅሽን ቀንሺ! ታች እንግዳ ሞልቷል። የቆሻሻ ልብስ ጋሪው ውስጥ አስገቧትና አንሶላ ጣል አድርጋችሁ በጓሮ በር አውጧት።»

የቀለደ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደም።

«በጋሪ? ሰው እኮ ናት!»

«እና እንግዳዬ ይበተን?»

ዘበኛው ግን ጎንበስ ብሎ እትዬን አቀፋትና፣ «በሩን ክፈቺ» አለኝ። በዋናው ደረጃ ወረድን። አዳራሹ ውስጥ የቆመ አንድ እንግዳ ሻንጣውን እዚያው ጥሎ የመኪናውን ቁልፍ እያወጣ ቀደመን፤ ሐኪም ቤትም አደረሰን።

ሐኪሙ፣ ቶሎ በመድረሷ ተረፈች አለን። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች። የምትለው አልሰማ ሲለኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«አልጋው… ተነጠፈ?» አለችኝ በተኮላተፈ አንደበት።

ክው አልኩ። የሥራ አስኪያጁ ቃል እንኳ እንዲህ አላደረቀኝም። ሞት አፋፍ ላይ ሆና የምትፈራው እሱን ነበር።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለባሌ ነገርኩት። «ቻዪው» ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «በጋሪ?» አለ። መልሶ ደግሞ፣ «በቆሻሻ ልብስ ጋሪ?» አለ። በነጋታው የደንብ ልብሴን ራሱ አጣጥፎ ለሆቴሉ ወስዶ መለሰልኝ። ዘበኛውም ከዚያ ወዲያ ወደ ሥራው አልተመለሰም።

እትዬ ግራ እጇ እስካሁን እንቢ እንዳላት ነው። በልጇ ክንድ ተደግፋ ግን ግቢ ለግቢ ወዲያ ወዲህ ትላለች።