የኦቲስ ቢጫ ምልክት

ቨርኒታ ፔቲግሩ ያቺን ጂቲኦ መኪና ስትጠግን ስድስት ዓመት ፈጀባት። ሰው በስድስት ዓመት ያገባል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ያገባል፤ እሷ ብሎን ስታጠብቅ ከረመች። መኪናዋ በ1969 እዚሁ ፖንቲያክ ከተማ የተሠራች ናት። ፋብሪካው ውስጥ ቆሞ ፈትሾ ያሳለፋትም አባቷ ኦቲስ ነበር።

ማስረጃዋ ኮፈኑ ስር ነው። ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ በቢጫ የሰም እርሳስ የተሣለ ክብ አለ፤ ፈታሽ መኪና ሲያሳልፍ የሚያደርገው ምልክት ነው፤ ጅራቱ ወደ ግራ ተጎትቷል። ኦቲስ ግራኝ ነበር። ሌላውን ሁሉ ስትፍቅና ስትቀባ፣ መዳፍ የምታህለውን ያቺን ቦታ ሸፍና አንድ ቀን እንኳ አልነካቻትም።

ነሐሴ ላይ የባለመኪኖቹ ማኅበር ትርዒት ደረሰና ሣሩ ላይ አሰለፈቻት። ዳኛው ጄራልድ ሃውፕት የማኅበሩን መመሪያ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር ለሱ የለም። ኮፈኑ ስር አጎንብሶ ቆየና መጽሐፉን ገለጠ። እዚያ ባለው የምልክቱ ፎቶ ላይ ጅራቱ ወደ ቀኝ ነው። ምልክቱ የውሸት ነው አላት፤ ሌላው እንከን ስለሌለው በጨርቅ ጥርግ ብታደርገው የወርቅ ሽልማቱ የሷ ነው።

"አባቴ ነው የሣለው።"

"ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ እዚህ ከተማ አባቱ ፋብሪካው ውስጥ ያልሠራ ማን አለ?"

ይሄ አበገናት። ወርቁ ቢቀር ይቅር። ሠላሳ ዓመት እግሩ እስኪያብጥ ቆሞ፣ ፋብሪካው ፈርሶ፣ መኪናውም መሠራቱ ቀርቶ፣ ከሰውየው የተረፈችው ያቺ ክብ ናት፤ እሷም የውሸት ትባል? እሺ አትልም። ሃውፕትም እንግዲያው ይህንኑ ማንም ያልነካካው መኪና ላይ አሳዪኝ አላት፤ አሥር ሰዓት ላይ የዳኝነት መዝገቡ ይዘጋል።

የእጅ ባትሪዋን ይዛ ከሰልፉ ጫፍ ጀመረች። ባለመኪኖቹ ኮፈን ለመክፈት ልመና አይሹም፤ እንዲያውም መዝጋቱን ነው እንቢ የሚሉት። አራት አየች፣ ዘጠኝ አየች፣ ሁሉም ጅራታቸው ወደ ቀኝ። አሥራ አራተኛው ላይ ነገሩ ገባት፤ ሁሉም የድሮውን ፍቀው ጥለው ከመጽሐፉ ፎቶ ገልብጠዋል። ጉልበቷ አመማት፤ አላቆመችም።

ያልታደሰ መኪና የሚገኘው መለዋወጫ የሚሸጥበት ሜዳ ነው። እዚያ ዱዌይን የሚባል ጺማም ሰውዬ ዝገት የበላው ጂቲኦ ተሳቢ ላይ ጭኖ እየነቀለ ይሸጣል። "እናቴ፣ ሞተር የለውም፤ ካገኘሽው ለኔም ንገሪኝ" ብሎ አላገጠባት። መልስ ሳትሰጠው ተሳቢው ላይ ወጣችና ላሜራው ላይ የተጋገረውን አቧራ እፍ አለችው። ቢጫ ክብ። ጅራቱ ወደ ግራ። ምን ይደበቃል፣ አለቀሰች።

ሃውፕትን ክንዱን ይዛ ጎትታ አመጣችው። ተንበርክኮ ሲያይ ቆየና ሲነሳ ፊቱ ተለውጦ ነበር።

"መጽሐፉ ላይ ያለው ፎቶ የኔ መኪና ነው" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ምልክቱ ደብዝዞ ነበር። ጠረግሁትና በራሴ እጅ አድምቄ ሣልኩት። ጅራቱ ወዴት እንደነበር ልብ አላልኩም። እኔ ደግሞ የምሥለው በቀኝ እጄ ነው።"

ለካ ያን ሁሉ መኪና ላይ ያየችው የዚህን ሰውዬ እጅ ነበር። ሃውፕት ከኪሱ ቢጫ እርሳስ አውጥቶ ዘረጋላት፤ የሱ መኪና ላይ በአባቷ አሣሣል እንድትሥልለት ለመናት።

"አይሆንም። እርስዎ የጠረጉት ጠፍቷል፤ አይመለስም። የአባቴን እጅ ማንም አይገለብጥም፣ እኔም ብሆን። መጽሐፉን ያምጡና ስሙን ይጻፉ።"

ሃውፕት እርሳሱን ወደ ኪሱ መለሰ። መጽሐፉን ተሳቢው ጠርዝ ላይ ዘርግቶ የገዛ መኪናውን ፎቶ በእስክሪብቶ ሰረዘ፤ ከዚያ ፔቲግሩ እንዴት ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቃት። ፊደል በፊደል ነገረችው።