ንጉሡ የሙክታር ወንበር ላይ

የጦሩ ንጉሥ ከምሳ በኋላ ከካርታው ወጥቶ የሙክታር ወንበር ላይ ተቀመጠ።

እልፍነሽ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ደርድራ ብቻዋን ትጫወት ነበር። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ፀሐዩ ሰው አያስወጣም። ከዚራ ሰፈር ያሉት ቤቶች ሁሉ መስኮታቸውን ዘግተው፣ ቬንትሌተራቸውን ከፍተው ያንቀላፋሉ። እሷን ግን የቀን እንቅልፍ አይወስዳትም። ልብስ ስፌት ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ይህን ሰዓት የምታሳልፈው ከጎረቤቷ ከሙክታር ጋር ኮንከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ በመጫወት ነበር። ሲጣሉ ሙክታር ሄደ፤ ካርታው እሷ ዘንድ ቀረ። ስለዚህ ለአንድ ሰው የሚሆነውን ጨዋታ ጀመረች።

ይህ ጨዋታ ለማስረዳት አይከብድም። ካርታው በሰባት ረድፍ ይደረደራል። ቀይ በጥቁር ላይ፣ ጥቁር በቀይ ላይ እየሆነ፣ ከንጉሥ ወደ ንግሥት፣ ከንግሥት ወደ ጃክ፣ ከጃክ ወደ አሥር፣ እንዲህ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። አስ ሲገኝ ከረድፎቹ ውጪ ለብቻው ይቀመጥና የገዛ ወገኑ ከሁለት ጀምሮ ሽቅብ ይደረብበታል፤ ልብ በልብ ላይ፣ ጦር በጦር ላይ። አራቱም ወገኖች እስከ ንጉሣቸው ከተደረቡ ጨዋታው አለቀ። በኮምፒዩተር ሲጫወቱት ያን ጊዜ ካርታዎቹ ከኋላቸው ሰንሰለት እየተዉ፣ እየነጠሩ ይበተናሉ። ከረድፎቹ አንዱ ባዶ የሆነ እንደሆነ ደግሞ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ መቀመጥ የሚችለው ንጉሥ ብቻ ነው።

«ይቅርታ፣ እሱ የሰው ወንበር ነው» አለች እልፍነሽ።

«ባዶ ነበር» አለ ንጉሡ።

ይህን ልትክድ አልቻለችም።

ንጉሡ በቁመቱ መካከለኛ ሰው ያህላል፤ ውፍረቱ ግን ያው የካርታ ነው። ወደ ጎን ሲዞር አይታይም። ከወገቡ በታች እግር አልነበረውም። በእግሩ ፈንታ ሌላ ራሱ አለ፤ ያው ጢም፣ ያው ዘውድ፣ ተዘቅዝቆ። ስለዚህ ሲቀመጥ የላይኛው ራስ ግድግዳውን፣ የታችኛው ራስ ወለሉን ያያል።

«እዚህ አቧራ አለ» አለ የታችኛው ራስ።

እልፍነሽ መጥረጊያ አምጥታ ከወንበሩ ሥር ጠረገች። እንግዳ ነው፣ ምን ታድርግ። ሻይ ስታቀርብ የላይኛው ራስ ተቀብሎ ጠጣ። የታችኛው ራስ ጉሮሮውን ጠረገ። ለእሱም ስትሮ ፈልጋ አመጣችለት፤ እንደተዘቀዘቀ ጠጣ፣ አንድ ጠብታም አላፈሰሰም።

«ብዙ ትቆያለህ?» አለችው።

«እርስዎ በዪኝ» አለ የላይኛው ራስ።

«ድሬዳዋ ነው ያለኸው፤ እዚህ አንቱታ የለም» አለች እልፍነሽ።

ንጉሡ ጥቂት አሰበና ነገሩን ተወው።

ለአንድ ንጉሥ ወንበር መልቀቅ ያን ያህል አይከብድም ነበር። ችግሩ ንጉሥ ብቻውን አይቆይም። በማግስቱ የልብ ንግሥት መጥታ ጭኑ ላይ ተቀመጠች፤ ከአንገቱ በታች ሸፈነችው። ቀጥሎ የአበባው ጃክ መጥቶ እሷን እንዲሁ ከአንገቷ በታች ሸፈናት። ከዚያ የዳይመንዱ አሥር መጣ። አሥር ፊት የለውም፤ ነጭ ሰውነቱ ላይ አሥር ዳይመንድ ብቻ ነው ያለው። አያወራም፣ ግን ይተነፍሳል። እልፍነሽ ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች። ንጉሡ ይመልሳል፣ ንግሥቲቱ ትመልሳለች፣ ጃኩ ይመልሳል፤ አሥሩ ረዘም አድርጎ ይተነፍሳል።

አንድ ቀን ምስር ወጥ ጥዳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሚያር ነገር ሸተታትና ምድጃውን ልታጠፋ ተነሣች። ስትመለስ የዳይመንዱ ንጉሥ ሶፋው ላይ ነበር። ይህኛው ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነው የሚኖረው፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

«ወጡ እያረረብኝ ነው የተነሣሁት!» አለች።

«ባዶ ነበር» አለ በዓይኑ ሳያያት።

የአበባው ንጉሥ ደግሞ የማድቤቱን በርጩማ ያዘ። ለምን እንደያዘ አልጠየቀችውም። ከዚያ በኋላ እልፍነሽ ቆማ ትበላለች፣ ቆማ ራዲዮ ትሰማለች። የቀራት አልጋዋ ብቻ ነበር። የልቡ ንጉሥ ገና አልመጣም፤ ስለዚህ ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሣ ልብስ፣ መጽሐፍ፣ አንዳንዴም ድስት አስቀምጣበት ነው የምትወጣው።

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እሷ ግን አሁንም ብቻዋን ነበር የምትጫወተው። ይህ ነው የከበዳት።

«ጨዋታው ቢያልቅ እኮ እንሄዳለን» አለቻት አንድ ቀን የልብ ንግሥት፣ ከጃኩ ትከሻ በላይ። ደግ ሴት ነበረች፤ ሁለቱም ራሶቿ በአንድ ድምፅ ነው የሚያወሩት።

«ታዲያ ለምን አያልቅም?»

«የልብ አስ የለማ።»

እውነት ነው። ሦስቱ አሶች ግቢው ውስጥ በአጥሩ ሥር ተሰልፈው ቆመዋል። አራተኛው ቦታ ላይ ማንም የለም። እልፍነሽ ደግሞ አራተኛው አስ የት እንዳለ ታውቃለች።

የተጣሉት በእሱ ነበር። በዚያ በመጨረሻው ኮንከር የልብ አስ ድንገት ከጨዋታው ጠፋ። ሙክታር በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ ነበር የመጣው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰኔ ላይ ኮት ለብሶ ካርታ የሚጫወት ሰው ምን እንደሚያስብ ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም።

«እጅጌህን አሳየኝ» አለችው።

«ሌባ ነህ ነው የምትዪኝ?»

«እጅጌህን አሳየኝ ነው ያልኩህ።»

ሙክታር ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሲተላለፉ እሷ ወደ ሱቁ፣ እሱ ወደ ዛፉ ያያል። እልፍነሽን ያበሳጫት አሱ አልነበረም። አንድ ካርታ ምን ያደርጋል። ከሰዓት በኋላዋን ይዞባት መሄዱ ነው።

ነጠላዋን አነሣች።

«ከወጣሽ ቤቱ ባዶ ይሆናል» አለች ንግሥቲቱ። «የልቡ ንጉሥ ይገባበታል።»

«እናንተ አላችሁበት አይደል?»

«እኛ ካርታ ነን» አለች ንግሥቲቱ፣ ቅር ሳይላት።

እልፍነሽ በሩ ላይ ጥቂት ቆመች። ቤቱን በስፌት ነበር የሠራችው፤ የሰው ቀሚስ እየሰፋች፣ ግድግዳ በግድግዳ። ወደ ኋላ አየች። ከወንበሩ፣ ከሶፋው፣ ከማድቤቱ ራሶች ተደራርበው ያዩዋታል። እንደ መንገደኛ ማረፊያ ነበር የሚመስለው። «ይግባበት» አለችና ወጣች።

ሙክታር በሩን ራሱ ከፈተ። ሽርጥ አገልድሟል፤ ከስቷል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ከጓሮው ድም፣ ድም፣ ድም የሚል ድምፅ ይመጣል።

«መጣሽ?» አለ።

«መጣሁ። አሱን ስጠኝ።»

«የቱን አስ?»

ድም፣ አለ ጓሮው።

«ያን።»

«እሱ ወፍጮ ነው።»

እልፍነሽ ገፋ አድርጋው ገብታ ጓሮውን አየች። የልብ አስ የውሃ በርሜሉን ተደግፎ ቆሟል። አድጎ በር አክሏል። መሐሉ ላይ ያለው አንድ ቀይ ልብ እየተኮማተረ ይዘረጋል፤ በመታ ቁጥር በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ይንቀጠቀጣል።

«መጀመሪያ ኪሴ ውስጥ ነበር የሚመታው» አለ ሙክታር። «ቀጥሎ ኪስ ጠበበው። እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ።» በሥራ ዘመኑ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። «ላቆመው ሞክሬ ነበር፤ የሚከፈትበት ቦታ የለውም።»

«ለምን ወሰድከው?»

«ሁልጊዜ ታሸንፊያለሽ።»

«ለምን አልመለስከውም?»

«ከመለስኩትማ ወስጄዋለሁ ማለት ነው።»

እልፍነሽ ይህን መልስ አሰበችበት። ከሙክታር እንደሚጠበቀው ነበር።

«በዚያ በኩል ያዘው» አለችው።

አስ ቀጭን ነው እንጂ ቀላል አይደለም። በራሳቸው ላይ ተሸክመውት፣ በጥላው ሥር፣ እሷ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነው የከዚራን መንገድ ተሻገሩ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ከዛፍ ጥላ ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ «ምንድነው የተሸከማችሁት?» አላቸው።

«የልብ አስ» አለ ሙክታር።

«እሺ» አለ ሾፌሩና ተመልሶ ተኛ።

የልቡ ንጉሥ የእልፍነሽ ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ከአራቱ ነገሥታት ሪዝ የሌለው እሱ ብቻ ነው። ሰይፉን ከገዛ ጆሮው በላይ ሰክቶ ይዟል። ሙክታር ያመው እንደሆነ ጠየቀው፤ ንጉሡ ልማድ ነው ብሎ መለሰ።

«ቤቱ ባዶ ነበር» አለ ወደ እልፍነሽ ዞሮ።

«ተመልሻለሁ።»

«ቁልፉን ለውጠናል።»

ሙክታር አሱን ከራሱ ላይ አውርዶ በንጉሡ ፊት አቆመው። ድም፣ አለ አሱ። የንጉሡ ሰይፍ ተንቀጠቀጠ። ሁለቱም ፊቶቹ ተለወጡ፤ ጠፍቶ የቆየ ልጁን ያየ ሰው ይመስላል።

«ያስገቡት» አለና ከበሩ ገለል አለ። ቁልፉንም ለእልፍነሽ ሰጣት።

አሱን ከሦስቱ ጎን፣ በአራተኛው ቦታ አቆሙት። ድምፁ ቀስ አለ። ወዲያው የልብ ሁለት ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ወጣ፤ እልፍነሽ እዚያ መኖሩንም አታውቅም ነበር። ሦስቱ ከአልጋው ሥር መጣ። አራቱ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ላብ አጥምቆት። ከዚያ ሰልፉ አላቋረጠም። ሙክታርና እልፍነሽ ግቢው መሐል ቆመው «አንተ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ» ይላሉ። ጦር በጦር ላይ፣ አበባ በአበባ ላይ ተደረበ። የዳይመንዱ አሥር በእልፍነሽ አጠገብ ሲያልፍ ረዘም አድርጎ ተነፈሰ፤ ስንብት መሆኑ ነው።

የልብ ንግሥት ተራዋ ሲደርስ አልነሣም አለች።

«እዚያ ሁሉም ልብ ነው» አለች። «ከፊቴ ልብ፣ ከኋላዬ ልብ። እኔ ደግሞ ከጦሩ ጋር ለምጃለሁ።»

የጦሩ ንጉሥ የታችኛው ራሱ ዓይኖቹን ጨፈነ። እልፍነሽና ሙክታር ተያዩ።

«እንደገና ሲበወዝ ትገናኛላችሁ» አላት ሙክታር።

«ቃል ትገባለህ?»

«እገባለሁ።»

ንግሥቲቱ በአራቱ ዓይኖቿ አየችው። «እጅጌህን ሰብስብና ቃል ግባ።»

ሙክታር ሁለቱንም እጅጌዎቹን እስከ ክንዱ ሰበሰበ። ንግሥቲቱም ተነሣች።

በመጨረሻ ነገሥታቱ በየክምራቸው ላይ ወጡ። ግቢው ጸጥ አለ። ቤቱም ጸጥ አለ። ሶፋው፣ በርጩማው፣ አልጋው ሁሉ ባዶ ነበር፤ የሚቀመጥበትም አልነበረም። እልፍነሽ ሁለት ወንበር አውጥታ የቤቱ ጥላ ሥር አስቀመጠች። አንዱ ላይ ተቀመጠች። ሙክታር በሌላው ላይ ተቀምጦ ወዲያው ብድግ አለ።

«ይሞቃል» አለ።

«ንጉሥ ተቀምጦበት ነው።»

ሙክታር ሳቀ። እሷም ሳቀች።

«በይ ሰብስቢና እንበውዝ» አለ ሙክታር። «ኮንከር ነው፣ የብቻ ጨዋታ አይደለም።»

እልፍነሽ ልትነሣ ስትል የልቡ ንጉሥ ከክምሩ ላይ ዘለለ። አጥሩን አልፎ መንገዱ ላይ አረፈ፣ ነጠረና እንደገና ተነሣ። ከተነሣበት ቦታ ግን አልጠፋም፤ እዚያም ቆሞ ቀረ። በአየር ላይ ባለፈበት ሁሉ አንድ አንድ ንጉሥ እየተወ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወረደ። የጦሩ ንጉሥ ተከተለው። ቀጥሎ ንግሥቶቹ፣ ቀጥሎ ጃኮቹ፣ ቀጥሎ አሥሮቹ፤ እያንዳንዱ ሲነጥር ከኋላው ሰንሰለት ሠራ። አስ እንኳ አልቀረም። ከተማው ተኝቷል፤ ድምፅም አልነበረም።

እልፍነሽ ለማየት ተነሥታ ወደ ግቢው በር ሄደች። የደረቀው ወንዝ ከዳር እስከ ዳር በነገሥታትና በንግሥቶች ተሞልቶ ነበር። ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረዋል።

«ሙክታር፣ ና እይ!» አለች።

ዘወር አለች።

ከግቢው በር እስከ ጥላው ድረስ፣ በረገጠችበት ሁሉ አንዲት እልፍነሽ ቆማለች፤ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተደርባ፣ ነጠላዋን በአንድ እጇ ይዛ። የመጀመሪያዋ ከወንበሩ አልተነሣችም። ሙክታር እጅጌውን እንደሰበሰበ፣ ምንም በሌለበት ባዶ እጁ ካርታ ያድላታል። እሷም አንድ በአንድ እየተቀበለች በጣቶቿ ታስተካክላለች።