ለሁሉም ሰባት

ለንሳ ተሬፋ አምቦ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የሰርቨር ሠራተኛ ነበረች፤ ያውም በኮንትራት። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ በ2006 መግቢያ ላይ ሊሰበሰብ ነው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ አንድ ስክሪፕት ላይ ስትደክም ከረመች። ስክሪፕቱ ለኮሌጁ ድረ ገጽ አዲስ ገጽ በተዘጋጀ ቁጥር ራሱ ወስዶ ሰርቨሩ ላይ ይጭናል፤ ጭኖም የየፎልደሩንና የየፋይሉን ፈቃድ ያስተካክላል። ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ፣ ማን ይግባ፣ ሁሉም በቁጥር ነው። ለፎልደሩ ባለቤት ሰባት፣ ለቡድኑ አምስት፣ ለሌላው ሰው ሁሉ አምስት። ሰባት ማለት እንደ ልብህ ሁን፤ አምስት ማለት ገብተህ እይ እንጂ እጅህን ሰብስብ ማለት ነው።

እጃቸውን መሰብሰብ ያልለመዱ ሰው ነበሩ፤ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ኦቦ ደቻሳ። ድረ ገጹ ላይ አንድ ማስታወቂያ ሊለጥፉ ሲሞክሩ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ «ፈቃድ ተከልክሏል» አላቸው። ኦቦ ደቻሳ ኮሌጁ ሲከፈት ታፔላውን በእጃቸው የሰቀሉ ሰው ናቸው። ኮምፒውተሩን አልተቀየሙም፤ ለንሳን ተቀየሙ። ቢሯቸው ከቢሮዋ ግድግዳ ለግድግዳ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብለው አልጠየቋትም። ሽማግሌ ላኩባት።

እሑድ ከቸርች መልስ ሦስት ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው የነለንሳ ደጃፍ ላይ ቆሙ። እርጥብ ሳር ይዞ የመጣን ሽማግሌ ባዶ እጁን መመለስ በዚያ አገር የለም። አባቷ ኦቦ ተሬፋ ብድግ ብለው ተቀበሏቸው፤ ልጃቸው ሰው ገድላ ይሆን ብለው መስጋታቸው ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ኦቦ ቀንዓ፣ «ደቻሳ ላይ በር ዘጋሽበት አሉ።»

ለንሳ ነገሩን ከነቁጥሩ አስረዳች። ኦቦ ቀንዓ በጥሞና ሰሙ።

«አንቺ ስንት ነሽ?»

«ሰባት።»

«ደቻሳስ?»

«አምስት።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ።

«ማሎ፣ እባክሽ፣ ያን የሚያህል ሰው አምስት ይባላል? ሰባት ስጪው። እንዲያውም ሌላው እንዳይቀየም ለሁሉም ሰባት ስጪ። ሰባት የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር ነው፤ አይጎዳም።»

«ሌባ ይገባል» አለች ለንሳ።

«ለሽማግሌ እምቢ አይባልም!» አሉ አባቷ ቆጣ ብለው።

«ቶሌ፣ እሺ» አለች።

ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ የቀረበላቸውንም በልተው ሄዱ። ሰኞ ጠዋት ለንሳ ስክሪፕቱ ውስጥ ሰባት ሰባት ሰባት ብላ ጻፈች። ስክሪፕት ደግሞ ታዛዥ ነው፤ አዲስ ነገር በጫነ ቁጥር ሁሉንም በር ወለል አድርጎ ይከፍት ጀመር። ኦቦ ደቻሳ ማስታወቂያቸውን ለጠፉ። እርቅ ወረደ።

ሌባው ለመግባት ሽማግሌ መላክ አላስፈለገውም። ከየት አገር እንደሆነ ያልታወቀ ሰው በአንዲት ቀዳዳ ሾልኮ ገባ፤ ሁሉም ነገር ክፍት ሆኖ ሲያገኘው የምዝገባውን ገጽ አንስቶ የፀጉር ማብቀያ ቅባት ማስታወቂያ አስቀመጠበት። አንድ ወላጅ የልጃቸውን መመዝገቢያ ቀን ሊያዩ ጊንጪ ኢንተርኔት ቤት ገብተው ኖሮ፣ ቅባቱ የሚሰጠው ለተመዘገበ ተማሪ ብቻ እንደሆነ ለመጠየቅ ዲኗ ወይዘሮ ጣቢታ ዘንድ ደወሉ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ።

«በሩን የከፈተው ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ጣቢታ።

ለንሳ ከኮሚቴው አባላት መካከል የተቀመጡትን ኦቦ ደቻሳን አየቻቸው። በራ ራሳቸውን ወደ ጠረጴዛው አቀርቅረዋል። ሽማግሌ የጨረሰውን ጉዳይ ቢሮ አምጥቶ መዘርገፍ እርቅ ማፍረስ ነው፤ ነውር ነው።

«እኔ ነኝ» አለች።

ኦቦ ደቻሳ ትንፍሽ አላሉም። ከሌባው ሥራ ይልቅ ያ ዝምታ አመማት።

የዚያኑ ዕለት ድረ ገጹን አጸዳች፤ ቁጥሮቹንም ወደ ቀድሞው መለሰች። ለሽማግሌ የሰጠችውን ቃል ላለማጠፍ ግን ለኦቦ ደቻሳ የራሳቸው የማስታወቂያ ፎልደር ከፈተችላቸው፤ እዚያ ውስጥ እሳቸው ሰባት ናቸው። የቀዳችው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያለቀ ሥራ ነበር። መጀመሪያውኑ ቢጠይቋት፣ ወይም እሷ ራሷ ብታስበው ኖሮ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር። ይህን ስታስብ በእሳቸውም በራሷም ተናደደች።

በማግስቱ ኦቦ ደቻሳ በአዲሱ ፎልደራቸው የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ለጠፉ። ለንሳ ከፍታ አነበበችው። «ኮሌጃችን አንድ የሰርቨር ሠራተኛ አወዳድሮ በቋሚነት መቅጠር ይፈልጋል» ይላል። የእሷው መደብ ነው፤ ኮሚቴው ቋሚ ላያደርጋት ወስኗል ማለት ነው። የፋይሉን ፈቃድ አየችው፤ ስክሪፕቱ አንድም ነገር አላሳሳተም። ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ሁሉ ያነባል። ልታጠፋው ትችል ነበር፤ የሰርቨሩ ቁልፍ ገና በእጇ ነው። አላጠፋችውም።

ቤት ገብታ ለአባቷ ነገረቻቸው። ኦቦ ተሬፋ ወደ ጓሮ ወጡ። ሲመለሱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ እርጥብ ሳር ነጭተው ይዘዋል።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

«ደቻሳ ቤት።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«ለሽማግሌ እምቢ...» ብለው ጀመሩና ልጃቸውን አዩ።

ሳሩን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ።